ስሙ በካሚል፣ ቤቱ በሉብና

ሉብና የአባቷን ስም ስልኳ ላይ ጽፋ የወንድሟን ገጽ ያየችው ጠዋት፣ አርባ ምንጭ ሴቻ የተከራየቻት ቤት በር ላይ ቆማ ነው። «ባድሩሸማ ዶት ኮም» ብላ ስትጽፍ ሁልጊዜ የሚመጣላት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው፣ ዱንጉዛ የሚባለው የእጅ ሸማና የጨንቻ ሸማኔዎች ፎቶ ነበር። አሁን የመጣው የማታውቀው ነጭ ገጽ ነው። የፋብሪካ የአበሻ ቀሚሶች ተደርድረውበታል፤ ከታች የወንድሟ የካሚል ስልክ ቁጥር አለ። ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። የጎረቤቷን ስልክ ተውሳ ሞከረች። ያው ነው።

በሩን ቆልፋ ወጣች። ቁልፉን እበሩ ላይ ረስታ ከመንገድ ተመለሰች፤ ወስዳው እንደገና ወጣች።

አባቷ ሐጂ ባድሩ ሲቀላ ገበያ ዳር ሸማ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው አርባ ምንጭ የቀሩ፣ ጨንቻ ያለውን ሸማኔ ሁሉ በስሙ የሚያውቁ ሰው። ድረ ገጹ የተከፈተው በመጨረሻዎቹ ዓመቶቻቸው ነው። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ካሚልና ሉብና አብረው ሊሠሩ ሞከሩ፤ አልሆነም። ካሚል «ሰው ርካሽ ነው የሚፈልገው፣ ከአዲስ አበባ የፋብሪካ ጨርቅ እናምጣ» አለ። ሉብና «በአባባ ስም የፋብሪካ ጨርቅ አይሸጥም» አለች። ነገሩ እየከረረ ሄዶ በመጨረሻ ዘመድ ተሰብስቦ አካፈላቸው። ሱቁ ለካሚል፣ ከሸማኔዎቹ ጋር ያለው ሥራ ለሉብና ሆነ። መደርደሪያው፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ያልተሸጠው ጋቢ ሁሉ ተቆጥሮ ተከፈለ። ድረ ገጹን ግን ማንም አላነሳም። የሚከፈል ነገር መሆኑ ለማንም አልታየውም።

ባጃጅ ይዛ ማዕዶት ወደምታስተምርበት ኮሌጅ ሄደች። ማዕዶት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት፤ አባቷ ከጎንደር ተመድበው መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እሷም እንደ አባቷ አስተማሪ ሆና ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሉብና ስትደርስ ማዕዶት ክፍለ ጊዜዋን ጨርሳ ሰሌዳ እያጠፋች ነበር።

«ጠፋ» አለች ሉብና ገና ከበሩ። «ፎቶው፣ የሸማኔዎቹ ታሪክ፣ የአባባ ቪዲዮ። ካሚል ሁሉንም አጠፋው።»

ማዕዶት የሉብናን ስልክ ተቀብላ ገጹን አየችው። ከዚያ የራሷን ላፕቶፕ ከፍታ ትንሽ ነካካች።

«አልጠፋም። እስቲ ተቀመጪ።»

«እንዴት አልጠፋም? በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት።»

«ወንድምሽን ስልክሽ ላይ ምን ብለሽ ነው የመዘገብሽው?»

«ካሚል ብዬ ነዋ።»

«ስትደውዪለት ስሙን ትነኪያለሽ። ስልኩ የሚደውለው ግን ከስሙ ሥር ወዳለው ቁጥር ነው። አሁን እኔ ከካሚል ስም ሥር የራሴን ቁጥር ባስገባ፣ ካሚል ብለሽ ስትደውዪ የማነሳው እኔ ነኝ። ካሚል ግን የትም አልሄደም፣ ስልኩም አልጠፋም። የሆነው ይኸው ነው።»

ሉብና ተቀመጠች። ማዕዶት ለተማሪዎቿ እንደምታደርገው ቀስ እያለች ቀጠለች።

«ባድሩሸማ ዶት ኮም ስም ብቻ ነው። ዶሜይን የሚባለው እሱ ነው። ስም ከሚያከራይ ድርጅት በየዓመቱ እያደሱ ይይዙታል። ፎቶዎችሽና ጽሑፎችሽ ያሉት ሌላ ቦታ ነው፤ ሌት ተቀን በማይዘጋ ኮምፒውተር ላይ። እዚያ ቦታ ተከራይተሻል፤ እሱ ሆስቲንግ ነው። ያ ኮምፒውተር ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው። ሰው ስሙን ሲጽፍ ከስሙ ሥር የተመዘገበው ቁጥር ይታይና ወደዚያ ኮምፒውተር ይወሰዳል። ስሙን የያዘ ሰው ቁጥሩን መቀየር ይችላል። ስሙን ያወጣው ማነው?»

«ካሚል። አባባ በሕይወት እያለ፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው ነው ያወጡት።»

«ሆስቲንጉስ?»

«እሱ በእኔ ነው። ፎቶውንም የምጭነው እኔ ነበርኩ።»

«በቃ። ካሚል ሌላ ቦታ ሌላ ገጽ አሠርቶ ስሙን ወደዚያ አዞረው። ያንቺ ቤት እንዳለ ነው።» ማዕዶት በሉብና አካውንት ገብታ፣ የሆስቲንጉ ድርጅት የሰጠውን፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበትን ረጅም አድራሻ ጻፈች። ዱንጉዛው መጣ። ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ከታች ሐጂ ባድሩ ሱቃቸው ውስጥ ቆመው የሸማ ጠርዝ በጣታቸው ይዘው ነበር፤ ማዕዶት ስትነካው መናገር ጀመሩ። «ጠርዙን እዩት፤ የእጅ ሥራ ጠርዙ ላይ ነው የሚታወቀው...»

ሉብና ዓይኗን ጠረገች።

«እንግዲያው ቤቱ የእኔ ነው።»

«ያንቺ ነው። ግን ማንም መንገዱን አያውቀውም። ይሄን ረጅም አድራሻ ማን ያስታውሳል? ሌላ ስም አውጪለት፤ ዛሬውኑ ማገናኘት እንችላለን።»

«ሌላ ስም አልፈልግም። የአባቴ ስም ነው።»

«የካሚልም አባት ናቸው» አለች ማዕዶት።

ሉብና ተነሣች። ስልኳን ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ ከሲቀላ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዛ ጨንቻ ወጣች። ቤት መቀመጥ አልቻለችም። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ሙቀቱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ እንሰቱና ቀርከሃው መጣ፤ ከላይ ጭጋግ ተቀበላቸው። በየመታጠፊያው ስልኳን ታወጣለች፤ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ይላል።

ሸማኔው ጋሽ አለምሰገድ ቤታቸው ደጅ፣ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ሸማ መሥሪያቸው ላይ ነበሩ። ሚስታቸው ሻሺቱ አጠገባቸው ጥጥ ትፈትላለች። ሽማግሌው ሉብናን ሲያዩ መወርወሪያውን አስቀመጡ። ሰላምታው እንዳለቀ ቀጥታ ጠየቋት።

«ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለ። ‹አባዬ፣ ከኢንተርኔት አወጡህ› አለኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም ጋሽ አለምሰገድ። ፎቶዎ እዚያው ነው። ሰው የሚገባበት መንገድ ነው የተዘጋው።»

«ማን ዘጋው?»

ሻሺቱ እንዝርቷን ሳታቆም መለሰችላቸው።

«ካሚል ነው እንጂ ማን ነው? እሱም ደውሎ ነበር። ሰዎች የእኚህን ሰውዬ ዱንጉዛ እየጠየቁኝ ነው፣ ላኩልኝ አለ። ከሉብና ጋር ተነጋገሩ አልነው።»

«እኛ የእናንተን ጠብ አናውቅም» አሉ አለምሰገድ። ከኋላቸው ታጥፎ የተደራረበውን ሸማ በአገጫቸው አሳዩዋት። «ይሄ ተሠርቶ ተቀምጧል። እሱ ጋ ገዢ አለ፣ ሸማ የለም። አንቺ ጋ ሸማ አለ፣ ገዢ የለም። እኔ በመሃል ምን ልሁን?»

ስትመለስ ይሄን ቃል እያብሰለሰለች ወረደች። አባያ ሐይቅ ከሩቅ ሲታይ እንኳ ቀና ብላ አላየችም። ለካሚል ልደውልለት ብላ ስሙን አወጣች፤ መልሳ ዘጋችው። ደውላ ምን ልትለው?

ኢሜይሉን ያስተዋለችው በዚያው ሳምንት ነው። ካሚል አዲሱን ገጽ ያሠራው የአዲስ አበባ ባለሙያ የቀየረው የገጹን ቁጥር ብቻ ነበር፤ በዚያው ስም የተከፈተው የሱቁ ኢሜይል ግን በድሮው መንገድ፣ ወደ ሉብና ሆስቲንግ ይመጣል። የይለፍ ቃሉም እሷ ዘንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያ የገዢዎች ጥያቄ መጣ፤ ለአንዳንዱ መለሰች። አንድ ቀን ግን ስሙን ካከራየው ድርጅት መልእክት መጣ። የባድሩሸማ ዶት ኮም ዘመን ሊያልቅ ነው፣ ካልታደሰ ይቋረጣል ይላል። የተጻፈው ለካሚል ነው። ካሚል ግን ስሙን ሲያወጣ የሰጠው ይሄንኑ የሱቅ ኢሜይል ስለነበረ መልእክቱ እሱ ዘንድ አይደርስም።

ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ለማዕዶት ደወለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ዝም ብዬ ነው። ስም ሳይታደስ ቢቀር ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ ይቆማል። ገጹም አይከፈትም፣ ኢሜይሉም አይመጣም። ባለቤቱ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት መልሶ ሊያድሰው ይችላል። እነዚያ ሳምንታት ካለፉ ስሙ ይለቀቃል፤ ማንም ሊወስደው ይችላል።»

«ማንም?»

«ማንም። የተለቀቀ ስም የሚጠባበቁ አሉ ደግሞ። ሰው እንኳ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው የሚጠብቀው። አንቺ ‹አሁን ልውሰደው› ስትዪ ቀድሞሽ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ማን እንደያዘውም አታውቂም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ዝም ብዬ ነው አልኩሽ እኮ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሉብና አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ሸማ ታጥፋለች፣ የታጠፈውን ትዘረጋለች። ከሴቻ ሲቀላ በእግሯ ትወርዳለች፤ ሲቀላ ደርሳ ምን ልትገዛ እንደወረደች ይጠፋባታል። የካሚልን ሱቅ በማዶ በኩል ታልፈዋለች። በሩ ላይ አሁንም «ባድሩ ሸማ» ይላል፤ አባቷ ራሳቸው ቆመው ያስጻፉት ጽሑፍ ነው። ልንገረው ትላለች። ደግሞ፣ እሱ ስሙን ሲያዞር ነግሮኛል ወይ ትላለች። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ መጣ። እሱንም አነበበችው፤ አልነገረችውም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ሁልጊዜ እናታቸው ወይዘሮ ዙሁራ ቤት ነው። ሉብና ልትቀር አስባ ነበር፤ ከቀረች ግን እናቷ ራሳቸው ሴቻ ድረስ ይመጣሉ። ካሚል ቀድሟት ደርሶ ነበር። እሱና ሚስቱ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሊቀይሩ እንዳሰቡ አወራ። የጫሞ አሳ ቀርቦ ሦስቱም እየበሉ ነበር፤ ካሚል እጁን ሳያነሳ ጠየቃት።

«ሉብና፣ የሱቁ ኢሜይል አንቺ ጋ ይመጣል እንዴ? ሰዎች ጻፍንልህ ይሉኛል፤ እኔ ጋ ምንም የለም።»

አነጋገሩ የጠብ አልነበረም። ግራ የገባው ሰው አነጋገር ነበር።

«ምን አውቄ» አለች ሉብና። «እኔ ጋም የለም።»

እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። ሉብና አሳውን መጉረስ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ የበላችው ግን አልታወቃትም። ከእናቷ ጋር ሳትጫወት፣ ራሴን አመመኝ ብላ ቶሎ ወጣች።

ስሙ የቆመው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጠዋት ስትከፍተው የካሚል ነጭ ገጽ የለም። በቦታው ማስታወቂያ የበዛበት ገጽና፣ የዚህ ስም ዘመን አብቅቷል የሚል ጽሑፍ መጣ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደረቷ ውስጥ የተሰማት ግን ደስታ አልነበረም። ወደ ኢሜይሉ ገባች፤ አዲስ ነገር የለም፤ እሱም ቆሟል። ቤቷን አንድ ጊዜ ጠረገች። ከዚያ መልሳ ጠረገችው።

ፀሐዩ ከመበርታቱ በፊት ካሚል በሞተር ሳይክሉ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የገባው።

«ምን አደረግሽው?»

«አልነካሁትም።»

«ትናንት ነበር። ዛሬ የለም። አንቺና ያቺ ጓደኛሽ ካልሆናችሁ ማን ነው?»

«አልነካሁትም አልኩህ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ አልነካሁትም።»

እውነት ነበር። ካሚል ትንሽ አያት፤ ወጥቶ ሞተሩን አጥፍቶ ተመለሰ። ከዚያ የታሰረ ዱንጉዛ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። እንደተቆጣ ሰው ሳይሆን እንደደከመው ሰው ነበር።

«አሁንስ ሁሉም ነገር ከእጄ ወጣ» አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ገጹን ያስቀየርኩ ቀን የአባባን ቪዲዮ አጠፋሁት።»

«ምን?»

«አሮጌው ገጽ ላይ ነበረ፤ አዲሱ ሲመጣ አብሮ ሄደ። ገጹን የሠራልኝን ሰውዬ መልስልኝ አልኩት፣ እኔ ጋ የለም አለኝ። እማ በየጊዜው ‹እስቲ ባድሩን ክፈትልኝ› ትለኛለች። ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ስንት ጊዜ ነው ኔትወርክ የለም የምላት? ለአንቺ ልናገር ብዬ ስንት ቀን እበርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

ሉብና ስልኳን አወጣች። ረጅሙን አድራሻ ማዕዶት ያን ዕለት ልካላት ነበር። ነካችና ስልኩን ሰጠችው። ሐጂ ባድሩ የሸማውን ጠርዝ በጣታቸው ይዘው ተናገሩ። ካሚል እስከ መጨረሻው ሰማ፤ መልሶ ከፈተው። በመሃል በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ።

«የት ነበር?»

«ከቦታው አልተነቃነቀም። አንተ ስሙን ነው ያዞርከው፤ ቤቱን አልነካህም።»

«እኔኮ... ስሙ ነው ሁሉም ነገር ብዬ ነበር።»

ሉብና ቆማ ነበር። እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገሩ በዚሁ ያልፍ ነበር፤ ታውቃለች። ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

«ስሙ የቆመው ስላልታደሰ ነው» አለች። «ማስጠንቀቂያ ይመጣ ነበር፤ በሱቁ ኢሜይል። እኔ አይቼዋለሁ።»

ካሚል ስልኩን ከፊቱ አወረደ።

«መቼ?»

«እማ ቤት ምሳ ከመብላታችን በፊት።»

«ስጠይቅሽ እያወቅሽ ነው?»

«እያወቅሁ ነው።»

«እና ዝም አልሽ። ጊዜው እንዲያልቅ ጠበቅሽ።»

«ሲለቀቅ እኔ ልወስደው ነበር።»

«ሌላ ሰው ቢወስደውስ? የአባታችንን ስም ማንም መንገደኛ ቢጠቀምበትስ?»

«አላውቅም» አለች። «እሱን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

ካሚል ተነሥቶ ወጣ። ሞተሩን ሲያስነሳ ሰማችው። ሞተሩ ግን ከቦታው አልሄደም፤ ትንሽ ጮኾ ጠፋ። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«አሁን ማስመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል። ያንተ ስለሆነ ገና ጊዜ አለህ። የስሙን አካውንት የይለፍ ቃል ታውቀዋለህ?»

አያውቀውም። የያዘው ያ የአዲስ አበባ ባለሙያ ነው፤ ሲደውሉለት ስልኩ ዝግ ነው። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ነኩ። አዲስ መክፈቻ በኢሜይል ተልኳል አለ፤ ጠበቁ፤ ምንም አልመጣም። ለማዕዶት ደወሉ።

«አይመጣም» አለች ማዕዶት። «ኢሜይሉ የሚጓዘው በዚያው ስም ነው። ስሙ ከቆመ ኢሜይሉም ቆሟል። ቁልፉን የላኩት በተቆለፈው ቤት ውስጥ ነው። ሌላ አማራጭ አይሰጣችሁም? በስልክ የሚል?»

ነበረው። ካሚል ሲነካው፣ ኮድ ወደዚህ ስልክ ይላክ ወይ ብሎ የቁጥሩን መጨረሻ ብቻ አሳየው። ሁለቱም አዩት፤ ሁለቱም አወቁት። ስሙ በወጣበት ቀን ሐጂ ባድሩ አጠገቡ ተቀምጠው ስለነበር፣ ካሚል ያስገባው የእሳቸውን ቁጥር ነበር።

«ቁጥሩ ተዘግቷል» አለ ካሚል።

«አልተዘጋም። እማ እስካሁን ካርድ ትሞላበታለች።»

በሞተሩ ወደ ሲቀላ ወረዱ። ሉብና ከኋላ ተቀምጣ የወንድሟን ወገብ አልያዘችም፤ የመቀመጫውን ብረት ነው የያዘችው።

ወይዘሮ ዙሁራ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። ልጆቻቸው አብረው ሲገቡ አይተው እጃቸው ላይ ያለውን ልብስ እንደያዙ ቀሩ። ካሚል ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ሳሎን ገብቶ ስልኩ ላይ ኮዱ ይላክ የሚለውን ነካ። ከመኝታ ቤት ድምፅ ተሰማ። እናትየው ደነገጡ።

«የባድሩ ስልክ ነው። ማነው ባድሩን የሚፈልገው?»

«እኛ ነን እማ» አለች ሉብና። «የመጣውን ቁጥር አንብቢልን።»

ወይዘሮ ዙሁራ ስልኩን ከራስጌያቸው አመጡት። ባትሪው ሙሉ ነበር። ለማንም ሊሰጡት አልፈለጉም፤ ራሳቸው ሊያነቡት መነጽራቸውን ፈለጉ። መነጽሩ ትራሱ ሥር የለም፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የለም። ሉብና እየተከተለች ትፈልጋለች፣ ካሚል ከሳሎን «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል። መነጽሩ ግቢ ውስጥ፣ ልብሱ አጠገብ ተገኘ። አነበቡት፤ ካሚል ጻፈው። ጊዜው አልፏል አለ።

«ሌላ አስልኩ እንግዲህ» አሉ እናትየው። አሁን መነጽራቸውን አድርገው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሁለተኛው ሲመጣ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ቁርአን ሲያነቡ እንደሚያደርጉት አጥርተው አነበቡት። አካውንቱ ተከፈተ። ካሚል እድሳቱን በስልኩ ከፈለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ስሙ ታድሷል የሚል መጣ። ሉብና እስከዚያ ድረስ ቆማ መቆየቷን እንኳ አላስተዋለችም።

«ስንት ዓመት አደስከው?» አለችው።

«የሚፈቅደውን ያህል።»

«አሁን ንገሩኝ» አሉ እናትየው። «ምን ተፈጠረ?»

ካሚል ወደ ሉብና አየ፤ እሷ እንድትናገር ተወላት። ሉብና ነገረቻቸው። የመጣውን ማስጠንቀቂያ፣ የዓርቡን ውሸት፣ ያሰበችውን ሁሉ። ወይዘሮ ዙሁራ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ዓርብ ዕለት አንድ ነገር እንደደበቅሽ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «አሳ እየበላሽ አጥንት መትፋት ረስተሽ ነበር።» ከዚያ ወደ ካሚል ዞሩ። «አንተስ ኔትወርክ የለም የምትለኝ?»

ካሚል አንገቱን ደፋ።

ስሙ ተመልሷል፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን አሁንም የካሚል ገጽ ቁጥር ነው። ካሚል ገጹን ከፍቶ ብዙ ጊዜ አየው። ሉብና ለመለመን አፏ አልታዘዘላትም፤ የመለመን መብትም ያላት አልመሰላትም።

«ያንቺ ሆስቲንግ ቁጥር ስንት ነው?» አላት በመጨረሻ።

ማዕዶት የላከችላትን አነበበችለት። ጻፈውና አስቀመጠው።

«በየቀኑ የሚጠይቁኝ ያንን ሰውዬ ዱንጉዛ ነው» አለ። «እኔ የለኝም። የእኔ ጨርቅ የራሱን ስም ያውጣ። ካንቺ ገጽ ላይ ወደ እኔ የሚወስድ ሊንክ አድርጊልኝ። የአካውንቱን የይለፍ ቃል እሰጥሻለሁ፤ አንቺም የኢሜይሉን ስጪኝ። ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሁለታችንም እንይ።»

«እሺ። ካሚል...»

«ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ዓይኔን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ።»

«አልመሰለኝም» አለች።

ማዕዶት በስልክ አስጠንቅቃቸው ነበር፤ ስሙ የተዞረበትን አዲስ ቁጥር ሁሉም ቦታ እኩል አያውቀውም፣ አንዳንዱ የድሮውን ይዞ ይቆያል፣ እስከ ነገና ከነገ ወዲያ ሊወስድ ይችላል ብላ። እንዳለችውም ሆነ። ከሰዓት በኋላ የሉብና ስልክ ላይ ዱንጉዛው መጣ፤ የካሚል ስልክ ላይ ያው ነጭ ገጽ ነው። ካሚል «አልሠራም» ይላል፤ ሉብና «ሠርቷል» ትላለች። እናታቸው ሁለቱንም ስልክ ጎን ለጎን ይዘው አንዱን ካንዱ ያስተያያሉ። በማግሥቱ የካሚልም መጣ። እሱ ግን አልደወለላትም፤ የነገረቻት እናታቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ቀስ በቀስ መንገድ ያዙ። ካሚል ለራሱ ሱቅ ሌላ ስም አወጣ። ዓርብ ዓርብ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ሉብና ስትጠይቀው ይመልሳል፣ እሱ ግን ምንም አይጠይቃትም። አንዳንድ ዓርብ ሉብና ሳትሰናበተው ትወጣለች፤ መንገድ ላይ ይቆጫታል።

አንድ ቀን ጨንቻ አለምሰገድ ደጅ ቆማ ሸማ ስትረከብ ስልኳ ጮኸ። ካሚል ነው።

«ከሸማኔው ጋር ነሽ?»

«አዎ፣ እዚሁ ነኝ።»

«አገናኚኝ።»

ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። አለምሰገድ መወርወሪያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሰሙ። ሱቁ የመጣ አንድ ደንበኛ ለሠርግ ጥቁሩ የበዛበት ዱንጉዛ እንደሚፈልግ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንዲሆን ካሚል እያስረዳቸው ነው። ቅርብ ስለቆመች ድምፁ ይሰማታል። «እሺ፣ እሺ ልጄ፣ ድሩን ነገ እዘረጋለሁ» አሉት። ካሚል አመስግኖ ዘጋ።

ሽማግሌው ስልኩን መለሱላት።

«ሰላም በሉልኝ ብሎሻል» አሏት።

ሉብና የተባለውን ሁሉ ሰምታለች፤ ሰላምታ አልነበረበትም። ሻሺቱም ሰምታለች፤ እንዝርቷን አቁማ ባሏን አየቻቸው፤ እሳቸው ግን ወደ ሥራቸው ዞረዋል።

«ሰላም ይሁን» አለች ሉብና። ከዚያ የመለኪያ ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ የዱንጉዛውን ስፋት ሊለኩ ከሻሺቱ ጋር ጫፍና ጫፉን ያዙ።